ነጭ ዓሣ በጠለፋ ግድብ ላይ እንዴት ይለፍ?

ጥያቄ፦ «ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ዳር የምናለማ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነን። እስካሁን ውሃውን የምንጠልፈው በጆንያ አሸዋና በድንጋይ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። አሁን ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የኮንክሪት ጠለፋ ሊሠራልን ነው። የታችኛው ቀበሌ ዓሣ አጥማጆች ግን ‹ነጭ ዓሣውን ልትጨርሱት ነው› ብለው አቤቱታ አስገቡ። መሐንዲሱ የዓሣ መሰላል እጨምርበታለሁ ይላል። ከእኛም ውስጥ ‹ዓሣ ዘሎ ያልፋል› የሚል አለ፣ ‹ካነሰም የዓሣ ጫጩት ገዝተን ሐይቁ ውስጥ እንለቃለን› የሚልም አለ። የትኛው ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ አንዱም። ጠለፋው ዓሣውን የሚያግደው ክረምት ላይ ነው፤ እናንተ ውሃውን የምትፈልጉት በበጋ ነው። ሁለታችሁ የምትጣሉበት ወር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቋሚ ግድግዳ አታሠሩ፤ ክረምት ሲገባ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ጠለፋ አሠሩ። መሰላሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ላያስፈልግም ይችላል።

ከመዝለሉ ልጀምር። በቴሌቪዥን ፏፏቴ ዘሎ ሲያልፍ የምታዩት ዓሣ ሳልሞን ነው፤ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ቀዝቃዛ ወንዞች ዓሣ። ነጭ ዓሣም ሲጨንቀው ይዘላል፤ ግን ለመዝለል ከሥሩ መንደርደሪያ የሚሆን ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። ጠለፋ ሲሠራ ደግሞ ውሃው መሠረቱን እንዳይቦረቡረው ተብሎ ከግድቡ ሥር የኮንክሪት ወለል ይነጠፋል፤ በዚያ ወለል ላይ የሚፈሰው ውሃ ቁርጭምጭሚት ላይደርስ ይችላል። ዋኝቶ ይውጣ እንዳይባል፣ ሒሳቡ አይፈቅድም። ውሃ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ያህል ይሆናል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 2 ሜትር፤ 1 ሜትር ተኩል ሲወርድ ከ5 ሜትር ይበልጣል። መካከለኛ ዓሣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲወነጨፍ፣ እንደ ግምት መለኪያ፣ በሴኮንድ የራሱን ርዝመት አሥር እጥፍ ያህል ይሄዳል፤ ያውም ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጭ ዓሣ 3 ሜትር በሴኮንድ ደረሰ ማለት ነው። ከ5 ሜትር ጋር አይገናኝም።

ነሐሴ ላይ እንዲህ ካለ ጠለፋ ሥር ቆሜ አውቃለሁ። ሊመሽ ሲል ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ይወርዳል፤ ዓሣው አይታይም። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ሥር ጀርባዎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንዱ ይወነጨፍና ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ይላተማል፤ ይንሸራተታል፤ ተመልሶ ይሞክራል። ጠዋት ስመለስ ሁለት ልጆች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ከዚያው ቦታ በጆንያ እየዛቁ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ወንዝ ባዶ ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንሱ ላቤኦባርበስ በሚለው ወገን የሚመድባቸው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ አንዱ ዓሣ በል፣ ሌላው ከጭቃ ለቃሚ፣ ሌላው ተክል በል እየሆኑ ተለያዩ። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የጣናውን የዓለም ተመራማሪ ሁሉ የሚከታተለው በዚህ ምክንያት ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ፦ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ አርኖ ጋርኖ። ከሐምሌ ይጀምራሉ፤ የሚበረታው ነሐሴና መስከረም ነው። የሚፈልጉት ደለል ያልሸፈነው ጠጠርና በላዩ የሚሮጥ፣ አየር የጠገበ ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መካከል ይገባል፤ ጭቃ ከተኛበት ይታፈናል። የጣና ታች ጭቃ ነው። ስለዚህ «መንገድ ሲያጣ ሐይቁ ውስጥ ይወልዳል» የሚለው ለነዚህ ዝርያዎች አይሠራም። ቀረሶና አምባዛ ሌላ ናቸው፤ ቀረሶ ሐይቁ ዳር ይራባል፣ አምባዛም ጎርፍ የተኛበት ሜዳ ይበቃዋል። እነሱን አይቶ ስለ ነጭ ዓሣ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው።

የጫጩቱ ሐሳብ በዚሁ ይወድቃል። በአገራችን ማራቢያዎች በብዛት የሚመረተው የቀረሶ ጫጩት እንጂ የነጭ ዓሣ አይደለም። ነጭ ዓሣ ጠፍቶ ቀረሶ መልቀቅ በግ የጠፋበትን በዶሮ እንደ መካስ ነው። በዚያ ላይ የጣና ቀረሶ ራሱ ከሌሎቹ ሐይቆች የተለየ ዘር ነው፤ ከሌላ ቦታ ጫጩት አምጥቶ መቀላቀል ያለውንም ማበላሸት ነው። ይህን ሐሳብ ከቃለ ጉባኤያችሁ አውጡት።

ወደ መሰላሉ። የዓሣ መሰላል ማለት ግድቡን አንድ ጊዜ ከመውጣት ይልቅ በትንንሽ ገንዳዎች ደረጃ በደረጃ የሚያስወጣ ሥራ ነው። የታወቀ ጥበብ ነው፤ አሜሪካኖች ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ቦንቪል ግድብን እ.አ.አ. በ1938 ሥራ ሲያስጀምሩ መሰላሉ አብሮ ነበር። ችግሩ መሐንዲሶች መጽሐፍ ላይ የሚያገኙት መሰላል አብዛኛውን ጊዜ ለሳልሞን የተለካ መሆኑ ነው፤ በደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ለእኛ ዓሣ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አልመክርም፤ 10 ቢሆን እመርጣለሁ። 1 ሜትር ተኩል በ10 ሲካፈል 15 ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱም ዓሣ የሚያርፍበት ስፋት ይፈልጋል። መሐንዲሱ ከግድቡ ጎን አራት አምስት ደረጃ ስሎ ካመጣላችሁ ያ ለዓሣ ሳይሆን ለሪፖርት የተሠራ ነው።

ቁጥሩ ቢስተካከል እንኳ ዓሣው በሩን ማግኘት አለበት። ዓሣ የሚከተለው ጠንከር ያለውን ጅረት ነው። ወንዙ በሙሉ በግድቡ አናት እየዘለለ ከመሰላሉ ቀጭን ውሃ ብቻ ከወረደ ዓሣው ግድግዳው ሥር ሲላተም ይከርማል እንጂ ወደ ዳር ዞሮ አይፈልግም። ከወንዙ ፍሰት 5 ከመቶ ያህሉ በመሰላሉ እንዲወርድ ይመከራል፤ የታችኛው አፉም ግድቡን ተጠግቶ እንጂ 20 ሜትር ወርዶ መከፈት የለበትም። ከዚያ ደግሞ ጥገናው አለ። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የተወሰድኩበት መሰላል ሲታይ ያምር ነበር። ወርጄ ሳየው ጎርፉ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ጠርጎ የመጀመሪያው ደረጃ ከውሃው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የላይኛውን አፍ ግንድና የማሽላ አገዳ ደፍኖታል። ማን እንደሚያጸዳው ብጠይቅ ሁሉም እርስ በርስ ተያየ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስተምረው የታይላንዱ ፓክ ሙን ነው። የሜኮንግ ገባር በሆነው ሙን ወንዝ ላይ 17 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ እ.አ.አ. በ1994 ተጠናቀቀ፤ ዓሣ አጥማጁ ስለጮኸ መሰላል ተጨመረለት። መሰላሉ የሜኮንግን ዓሣ የሚያወጣ አልሆነም፤ እዚያ ያሉት ዓሦች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ አዋኛኘታቸውም ከሳልሞን የተለየ ነው። ነዋሪው ለዓመታት ሰልፍ ወጣ፣ ግድቡ አጠገብ ሰፈረ። በመጨረሻ መንግሥት እ.አ.አ. በሰኔ 2001 በሮቹን ለአንድ ዓመት ከፍቶ እንዲጠና አደረገ፤ ዓሣው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተያዘው መፍትሔ በዓመት አራት ወር በሮቹን መክፈት ነበር። አጥማጆቹ አራት ወር አነሰ ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ለእናንተ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ እነሱ መብራት የሚያመነጩት ዓመቱን ሙሉ ስለሆነ በር መክፈት ኪሳራ ነበር፤ እናንተ ክረምት ላይ በር ብትከፍቱ የምታጡት ምንም የለም።

(ጉዳዩ በር መክፈት ብቻ መሆኑን ሆላንዶች ወደ ጨዋታ ለውጠውታል። ዩትሬክት ከተማ ውስጥ በአንድ የቦይ መዝጊያ ሥር ካሜራ ገብቷል፤ ከ2021 እ.አ.አ. ጀምሮ በጸደይ ወቅት ሰው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ያያል፣ ዓሣ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ካየ ደወል ይጫናል፣ በረኛው ይከፍታል።)

እንግዲህ መሐንዲሱን የምትጠይቁት ይህን ነው። የጠለፋው መካከል ግድግዳ ሳይሆን በሮች ይሁኑ። የበሮቹ ወለል ከወንዙ መኝታ ጋር እኩል ይሁን፤ ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል እንጂ ከፍ አይበል። ከታች በኩል ኮንክሪቱ ሲያልቅ ውሃው እንዳይዘል፣ ድንጋይ ተደርድሮ በዝግታ ከወንዙ ወለል ጋር ይገናኝ፤ የተንጠለጠለ ደረጃ የሚፈጠረው እዚያ ነውና። በሮቹ ጠባብ ከሆኑ ክፍት ሆነውም ውሃው እንደ ቱቦ ይወነጨፋል፤ ስለዚህ ወርዳቸው ሲደመር ወንዙ በተራ የክረምት ቀን ከሚይዘው ወርድ ብዙ ማነስ የለበትም። ለመሐንዲሱ መለኪያ ስጡት፦ ጎርፍ በሌለበት የነሐሴ ቀን በበሩ መካከል ያለው ፍጥነት ከ1.5 ሜትር በሴኮንድ አይበልጥ፣ በዳር በዳሩ ከ1 ሜትር ይነስ። ወለሉንም አያለስልስ፤ የጭንቅላት ያህል ድንጋዮች ሲሚንቶው ውስጥ ተተክለው ቢቀሩ ከኋላቸው ዓሣ ያርፋል።

የብረት በር ውድ ነው፤ ይዝጋል፣ ማንሻው ይሰረቃል። የእናንተን ያህል ከፍታ ላለው ጠለፋ የሚሻለው ሳንቃ ነው። ኮንክሪት ምሰሶዎች ይቆማሉ፣ በየምሰሶው ጎን ጎድጓዳ መሥመር ይወጣል፣ ወፍራም ሳንቃ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይገባበታል። ኅዳር ላይ ታስገባላችሁ፤ ክረምት ሳይገባ ታወጡና መጋዘን ትከቱታላችሁ። ለማውጣት የሰው ጉልበት እንጂ ሞተር አያስፈልግም። ደለሉም በክፍት በር ይወርዳል። ይህ ለዓሣ ብቻ የምላችሁ አይደለም፤ የተዘጋ ጠለፋ በጥቂት ክረምት ኋላው በአሸዋ ሞልቶ ቦዩ አፍ ላይ ስትቆፍሩ እንደምትውሉ ከጎረቤት ወረዳ ሳታዩ አልቀራችሁም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሳንቃው የሚወጣው ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እስከ ሰኔ መጀመሪያ። «ዝናቡ እስኪጠና» ተብሎ ከቆየ የውሃው ግፊት ሳንቃውን ከጎድጓዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነቅለው የለም፣ ሊነቅል የሚገባም ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው። ሁለተኛ፣ የብረት በር ካሠራችሁ ክረምቱን ከውሃ በላይ ተነሥቶ ይቆይ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ብቻ የተከፈተ በር ለዓሣ ከዝግ አይሻልም፤ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከኋላው ቆሞ በዚያች ቀዳዳ ሲወጣ 4.8 ሜትር በሴኮንድ ይሮጣል።

«ጠለፋው አጭር ስለሆነ ጎርፍ ሲሞላ ይሰጥማል፣ ዓሣው ያኔ ያልፋል» የሚል መሐንዲስም ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ግን በእኛ ወንዞች ከሰዓት በኋላ የመጣ ጎርፍ እስኪነጋ ይወርዳል፤ በጎርፉ ጫፍ ላይ ዓሣው ራሱ ዳር ዳሩን ተጠግቶ ነው የሚያመልጠው። በጥቂት ሰዓት ዕድል ላይ ዘር አይመሠረትም።

እስካሁን ያወራነው ስለ መውጣት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የተፈለፈለው ግን ተመልሶ መውረድ አለበት። ወላጆቹ ወልደው ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹ የክረምቱ ውሃ ሲቀንስ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፣ ከፊሉም በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ በጋውን ሊያሳልፍ ይችላል። ከእናንተ ጋር የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ቀድሞ ከወጣ ጥቅምት ላይ ለሩዙ ወይም ለችግኙ ውሃ ትፈልጋላችሁ። ያኔ ሳንቃ ገብቶ ቦዩ ከተከፈተ ጫጩቱ ከውሃው ጋር ቦይ ውስጥ ይገባል፤ መጨረሻው የሽንኩርት መደብ ላይ ነው። ጥፍር የማያህል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ውሃው ሲሰርግ ወፍ ይለቅመዋል።

ወንፊት ይረዳል፤ ሁሉንም አያድንም። በቦዩ አፍ ላይ የሚቆመው ወንፊት ሰፊ መሆን አለበት፤ ውሃው ወደ ወንፊቱ የሚጠጋው በጣም በዝግታ እንዲሆን፤ አለበለዚያ ጫጩቱ ተለጥፎ ይሞታል። በየቀኑ ቅጠሉ ካልተጠረገ ደግሞ ውሃ አጥታችሁ እናንተው ትነቅሉታላችሁ፤ አልወቅሳችሁም። ገና የተፈለፈለውን ግን የትኛውም ወንፊት አይዘውም። ስለዚህ የሚሻለው ደንብ ነው፦ ሳንቃ ከኅዳር በፊት አይግባ። ዝናብ ከድቶ የግድ ከሆነ በከፊል ይግባ፣ አንዱ በር ክፍት ይቆይ፣ ቦዩ ቀን ቀን ብቻ ይከፈት። በብዙ ወንዞች ጫጩት በብዛት የሚወርደው በሌሊት ነው፤ ሌሊት መዝጋት ብዙ ያተርፋል። በበጋም ቢሆን ከጠለፋው በታች ወንዙ መድረቅ የለበትም። የመጨረሻውን ሳንቃ አንድ ስንዝር አሳጥሩት፤ ውሃው በዚያ ይውረድ። ከናንተ በታች ያለው ሰውና ከብትም ይጠጣል።

አሁን ስለ አቤቱታ አቅራቢዎቹ። ሥጋታቸው ትክክል ነው፤ ንጹሕ ግን አይደሉም። እ.አ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ያኔ እናንተ አልነበራችሁም። ዋናው ምክንያት ሊወልድ የሚወጣውን ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ አጥሮ መልቀም ነው፤ ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ ዓሣውን ማስከር አለ። ነጭ ዓሣ ቶሎ የሚደርስ ዘር አይደለም፤ የወላዱ ትውልድ ከተለቀመ ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ስትደራደሩ በእኩል ተደራደሩ፦ እናንተ በር ትከፍታላችሁ፣ እነሱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዙ አፍ መረብ ያነሣሉ። ከጠለፋው በላይና በታችም ቢያንስ 200 ሜትር ያህል ማንም እንዳያጠምድ ተስማሙ፤ ዓሣ ጠባብ በር ላይ ሲሰበሰብ ለሌባ የተመቸ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥልጣን ይሰጣል፤ ግን ነሐሴ ሌሊት ወንዝ ዳር የሚያድረው ጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን የእናንተ ዘበኛ ነው።

የማይፈታውንም ልንገራችሁ። ከናንተ በላይ ትልቅ ግድብ ካለ፣ ርብ ላይ እንዳለው ከ70 ሜትር በላይ የሚቆም ከሆነ፣ በእናንተ በር ያለፈው ዓሣ እዚያ ይቆማል፤ ከግድቡ በታች በቀረው ጠጠር መብቃቃት አለበት። ያንን ጠጠር ደግሞ ለኮንስትራክሽን የሚጭኑት ገልባጭ መኪናዎች ከወሰዱት የተከፈተው በር ወደ ባዶ ቤት የሚያስገባ ነው። ከእርሻው ዳር ተደርድረው የመጨረሻዋን ኩሬ የሚመጥጡት ሞተር ፓምፖች ያንኑ ያህል ይጎዳሉ፤ አብዛኞቹም የራሳችሁ አባላት ናቸው። በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የወንዝ አፍ በእምቦጭ ሲሸፈንም ያው ነው። ጠለፋችሁ የሚፈታው ከብዙ ችግሮች አንዱን ብቻ ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። የቋሚ ግድግዳውን ዲዛይን አትፈርሙ። በሳንቃ የሚዘጋ፣ ወለሉ ከወንዙ እኩል የሆነ ጠለፋ እንዲነደፍ ጠይቁ። መሬቱ ወይም መሠረቱ ይህን ካልፈቀደ ብቻ፣ ከመሰላል ይልቅ በአንድ ወገን በድንጋይ የተነጠፈ ተዳፋት ይሠራ፤ አንድ ሜትር ለመነሣት 25 ሜትር የሚሄድ፣ ለእናንተ ከፍታ 38 ሜትር ገደማ። የኮንክሪት ገንዳ መሰላል የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያኔም በደረጃ 10 ሳንቲ ሜትር። ግንባታው ሳይጀመር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን ጠይቃችሁ አንብቡ፤ «ዓሣ» የሚለው ቃል ከሌለበት መልሱት። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ባለሙያ እንዲመጣላችሁም በደብዳቤ ጠይቁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከታችኛው ቀበሌ ዕድሜ ጠገብ ዓሣ አጥማጅ አንድ ሁለት ሰው ለምናችሁ፣ ከመሐንዲሱ ጋር በዚህ ነሐሴ ወንዙን ወደ ላይ ተከትላችሁ ውጡ። ዓሣው የት ጠጠር ላይ እንደሚያርፍ እነሱ ያውቁታል። ጠጠሩ ከታሰበው ቦታ በታች ብቻ ሆኖ ከተገኘ አብዛኛው ጭቅጭቅ ቀለለ፤ ጠለፋው የሚያግደው ጥቂት ነው። በላይ ከሆነና መሬቱ ከፈቀደ ቦታውን ወደ ላይ አሻግሩት፤ ካልፈቀደ ሳንቃው ሰኔ 1 እንዲወጣ፣ ማን እንደሚያወጣውና የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉ።